የድንበሩ ፈሰስ

ገብረሰንበት መንገድ ላይ ድንጋይ ካየ አያልፍም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከለቅሶ ሲመለስ፣ ከቡሬ ገበያ እህሉን ሸጦ ሲመለስ፣ ራስ የሚያህል ድንጋይ ዓይኑ ከገባ ጎንበስ ብሎ ያነሣና ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ቤቱ ሳይደርስ ከማሳው ዳር ጎርፍ ከቆፈረው ቦረቦር አፋፍ ላይ ይቆምና ወደ ታች ይለቀዋል። ድንጋዩ እስኪያርፍ ያዳምጣል፤ ከዚያ ትከሻውን አራግፎ ይገባል። እንዲህ ሲያደርግ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያገሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ "ገብሬ ድንጋይ" ብሎ ስም አወጣለት፣ በመጨረሻ ለመደው። ያልለመደችው ሚስቱ ንግሥቴ ብቻ ናት፤ የጋቢው ትከሻ በየዓመቱ ቀድሞ የሚበላው በዚሁ ድንጋይ ነው።

"ሰው ኸለቅሶ ሲመለስ እጁን ይታጠባል፤ አንተ ድንጋይ ትሸከማለህ" ትለዋለች።

"ታዲያ ባዶ ትከሻዬን ምን ላድርገው?" ይላታል።

እንዲህ ይቀልዳል እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ያን ቦረቦር የጀመረው እሱ ራሱ ነው፤ በገዛ በሬዎቹ፣ በገዛ ማረሻው።

ነገሩ የሚነሣው ከ1989ኙ የመሬት ድልድል ነው። ገብረሰንበት ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ንግሥቴን ካገባም ገና ዓመት አልሞላውም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው ቀበሌ፣ ዳገቱ ሥር፣ ዕጣ ሲወጣ የእሱና የተስፋው መሬት ጎን ለጎን ወደቀ። ተስፋው ከሌላ ጎጥ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ሁለቱም ጨዋ ልጆች ነበሩ። ጨዋ ልጅ ደግሞ መሬት በተካፈለ ማግስት አጥብቆ የሚፈራው ነገር ቢኖር በድንበር መጣላትን ነው።

ያገሩ ክረምት የዋዛ አይደለም። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ማሳ ላይ ተኝቶ ዘሩን እንዳያበሰብሰው ገበሬው በማረሻ ጠለቅ ያለ ቦይ ያወጣል፤ ፈሰስ ይባላል። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። አግድም ተመርቶ ረጋ ብሎ እንዲሄድ ቢደረግ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። የሰው ማሳ ላይ ውሃ የለቀቀ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ስሙ ይጠፋል፣ "ውሃ ለቃቂ" እየተባለ ከነልጅ ልጁ ይኖራል። ስለዚህ ያ አገር ውሃውን በድንበር ላይ፣ ቁልቁል፣ ቀጥ አድርጎ ይለቀዋል።

ገብረሰንበትና ተስፋውም ያንኑ አደረጉ። ገብረሰንበት በሬዎቹን ጠመደና በሁለቱ ማሳ መካከል፣ ልክ ድንበሩ ላይ፣ ከዳገቱ ሥር እስከ ጥቁር ውሃ ወንዝ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ፈሰስ አወረደ። ተስፋው ከኋላ ከኋላው እየሄደ የተገለበጠውን አፈር በእግሩ ያስተካክል ነበር። ሲጨርሱ አብረው ጠላ ጠጡ። ሽማግሎቹ ሳይቀሩ "እንዲህ ያለ ጉርብትና ይባርክ" ብለው መረቋቸው። ከላይ ዳገቱ ላይ ያሉት አሥራ አንድ አባወራዎችም ይህን ደኅና ፈሰስ ባዩ ጊዜ የየራሳቸውን ውሃ እየመሩ ጨመሩበት። ገብረሰንበት አልተቃወመም፤ እንዲያውም አገር የሚጠቀምበት ነገር የሠራ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ፈሰሱን ጥጃ ይዘለው ነበር። በሰባተኛው በሬም አልዘለለው። በአሥራ አምስተኛው ዓመት የተስፋው ላም ገብታበት በገመድ ሲጎትቷት ሞተች፤ ተስፋው ግን አንድ ቃል አልተናገረም፤ ፈሰሱን ያወጡት አብረው ነዋ። ታች ወንዙ ደግሞ በበኩሉ ዳሩን ይንድ ጀመር። ድሮ ሴቶች በድንጋይ ላይ እየተረማመዱ የሚሻገሩት ቀጭን ወንዝ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሁለቱን ማሳ ግርጌ እየጋጠ ሰፋ። የገብረሰንበት የመሬት ደብተር አራት ቃዳ ይላል፤ አራት ቃዳ ማለት አንድ ሄክታር ነው። ደብተሩ እስከ ዛሬ አራት ይላል። የሚታረሰው ግን ሦስት የማይሞላ ነው፤ የጎደለው ቦረቦር ውስጥ ነው፣ ወይም አባይ ይዞት ሄዷል።

የአፈር ጥበቃ ዘመቻው መቼም አልቀረም። በየዓመቱ ጥር ላይ ያገሩ ሰው ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ዳገቱን በገመድ እየለካ እርከን ይሠራል። ከወረዳ የመጣ ሰው ፎቶ ያነሣል፣ ኪሎ ሜትሩ ይደመራል፣ ሪፖርቱ ይሄዳል። ሪፖርቱ ላይ እርከኑ ደኅና ነው። መሬት ላይ ግን የካቲት ሲገባ ከብቱ ሁሉ ይለቀቃል፤ አጨዳ ካለቀ የማንም ማሳ የሁሉም ግጦሽ ነውና። ሚያዝያ ላይ እርከኑ ተረግጦ የአህያ መንከባለያ ይሆናል፣ የተረፈውን ክረምት ይጠርገዋል። በሚቀጥለው ጥር እዚያው ላይ ሌላ ይሠራል፤ እሱም ይደመራል። በሪፖርቱ ቢሆን ያ እርከን እስካሁን ሱዳን በደረሰ ነበር። ሱዳን የደረሰው አፈሩ ነው።

ገብረሰንበትን ድንጋይ ከመወርወር አውጥታ ደንበኛ ሥራ ውስጥ ያስገባችው ልጁ ያምሮት ናት።

ያምሮት ዱርቤቴ አካባቢ ተድራ አምስት ዓመት ኖረች። ልጅ አልመጣም። ባልየው ሌላ አገባና እሷ አንዲት ሣጥን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ተመልሳ የመጣች ሴት በዚያ አገር ምን እንደምትባል የታወቀ ነው። ሰው ፊት ለፊቷ አይናገርም፤ ግን ሠርግ ቤት ሙሽራ የሚያስጌጡ ሴቶች ሲጠሩ እሷ አትጠራም። ገብረሰንበት ይህን እያየ አንድ ወር ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። በመጨረሻ አንድ ቀን ከወንዙ ዳር ይዟት ወረደ።

"ይችን ታችኛዋን ቃዳ ሰጥቼሻለሁ" አላት። "እዚህ ጥጉ ላይ ጎጆ ትቀልሻለሽ፣ በርበሬ ትተክያለሽ። የማንንም ፊት አታዪም።"

ያምሮት መሬቱን አየችው። በአንድ በኩል ቦረቦሩ፣ በግርጌ ወንዙ፣ ሁለቱም እየበሉት ነው።

"አባዬ፣ ይች እኮ የወንዙ ናት" አለችው።

"እንቀማዋለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገብረሰንበት ሐሳብ ሁሉ እዚያች አንዲት ቃዳ ላይ ተንጠለጠለ። ቃዳዋ ከቆመች ያምሮት ባለመሬት ናት። ከሄደች ደግሞ ያምሮትም ትሄዳለች፤ ቡሬ ወርዳ የሰው ቤት ዕቃ ታጥባለች።

ሁለት በጋ ሠሩ። ቀድሞ በሞተር ብስክሌት እየመጣ ያስተምር የነበረ አንድ የግብርና ባለሙያ ለያምሮት በስልክ ይነግራት ነበር፤ መንገዱ ክፉ ከሆነ ወዲህ በአካል አልመጣም፣ ስልኩም የሚሠራው ደስ ሲለው ነው። እንደነገራት በመጀመሪያው በጋ ቀጥ ብሎ የቆመውን የቦረቦሩን ግድግዳ በዶማ እየናዱ ጋደም አደረጉት። ገብረሰንበት አሥራ አንድ ዓመት የወረወረው ድንጋይ ጠቀመ፤ በሁለተኛው በጋ ከሥር እየለቀሙ ውሃውን የሚያዘገዩ አምስት ክትሮች ካቡበት። በተጋደመው አፈር ላይ ደሾ ሣር ተከሉ። ለወንዙ ዳር ከአዊ በኩል የቀርቀሃ ችግኝ በአህያ አስመጥተው በሁለት ረድፍ ተከሉት። ከብት እንዳይገባ እሾህ አጠሩበት። ንግሥቴ ልጇ ዶማ ይዛ ገደል ውስጥ ስትውል ማየት አልወደደችም።

"ሰዉ ምን ይላል?" አለቻት።

"ስመለስ ያለውን ብሏል፤ ኸዚያ ላይ ምን ይጨምራል?" አለች ያምሮት።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ከዳገቱ የሚመጣው የአሥራ አንድ አባወራ ውሃ እንደ ድሮው ቦረቦሩ ውስጥ ከገባ ክትሩም ሣሩም አንድ ክረምት አይቆይም። ውሃው ከላይ፣ ከቦረቦሩ አናት ላይ፣ በአፈር ግድብ ተመልሶ አግድም መሄድና ሣር በለበሰ ሰፊ መውረጃ ረጋ ብሎ ወደ ወንዙ መግባት አለበት። ለዚህ ሰፊ መውረጃ የሚሆን ቦታ ያለው ደግሞ የተስፋው ግጦሽ ላይ ብቻ ነው። የተስፋው ግጦሽ ከተስፋው የበርበሬ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

የገብረሰንበት በሽታ ይሉኝታ ነው። ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጀበት። ሦስት ጊዜ ተስፋው ቤት ሄዶ ስለ በሬ አውርቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ሁለተኛው በጋ ሲገባ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ሦስተኛውን ዋንጫ ይዞ ስለ ዝናቡ ማነስ ሲያወራ ተስፋው አቋረጠው።

"ገብሬ፣ ውሃውን በኔ ግጦሽ በኩል ልታሳልፍ ነው እምትፈልገው አይደል?"

ገብረሰንበት ዋንጫውን አስቀመጠ።

"ልጅህ ለሚስቴ ነግራታለች" አለ ተስፋው እየሳቀ። "ይለፍ። በርበሬዬን እንዳይነካ ብቻ።"

እዚያው ሽማግሎቹ መረቁበት። ከላይ ያሉት አባወራዎችም ውሃቸውን ወደ አዲሱ መውረጃ ሊመልሱ ቃል ገቡ። ገብረሰንበት የዚያን ዕለት ድንጋይ ሳያነሣ ቤቱ ገባ። "በርበሬዬን እንዳይነካ ብቻ" የምትለዋ ቃል ግን ውስጡ ቀረች።

በዚያው በጋ ግድቡን ሠርተው መውረጃውን ሣር አለበሱት። ክረምቱ ገባ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ፣ ሁሉም ነገር እንደተባለው ሆነ። ውሃው ግድቡ ጋ ሲደርስ እሺ ብሎ ይታጠፍና ግጦሹ ላይ ተሰራጭቶ፣ ሣሩን እያስተኛ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ቦረቦሩ ውስጥ ከሰማይ ከሚወድቀው በቀር ውሃ የለም። ደሾው ጉልበት ድረስ አደገ። ቀርቀሃው አዲስ ቅጠል አወጣ። ያምሮት ቃዳዋ ላይ በርበሬ ተከለች፣ በጥጉም የጎጆዋን ልክ አራት ካስማ መትታ ምልክት አደረገች። የጎረቤት ሰው ማየት እየመጣ "ይኸማ ጉድ ነው" ይል ጀመር። ገብረሰንበት ጠዋት ጠዋት ይወርድና አራቱን ካስማ ዞሮ ይመለሳል። ሌላ የሚሠራው ነገር የለም፤ ማየቱ ብቻ ይበቃው ነበር። በሕይወቱ የተደሰተባቸው ቀኖች ቢቆጠሩ አብዛኞቹ በእነዚያ ሁለት ወሮች ውስጥ ይገኛሉ።

ፍልሰታ ገባ። ተስፋውና ሚስቱ ሱባዔ ይዘው ከወንዙ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ጾሙ እስኪፈታ ከዚያ አይወጡም። ነሐሴ ዘጠኝ የጀመረ ዝናብ ነሐሴ አሥር አላባራም። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀትር ላይ ገብረሰንበት ዶማውን ይዞ ወጣ።

ግድቡ ቆሟል። ሰፊው መውረጃ ግን ሞልቷል። ውሃው ከግጦሹ ዳር እየተረፈ፣ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ፣ በተስፋው በርበሬ መካከል ይተኛ ጀምሯል። በርበሬ ውሃ አይወድም፤ ሥሩ ውሃ ላይ አንድ ቀን ከዋለ በማግሥቱ ቅጠሉን ይጥላል። ገብረሰንበት ሮጦ ሄዶ ዳሩን በቁና አፈር፣ በድንጋይ፣ በመጨረሻም ጋቢውን አጣጥፎ ሊደፍነው ሞከረ። በአንድ በኩል ሲደፍነው በሌላ በኩል ወጣ። ያምሮት ወፍጮ ቤት ሄዳለች። የሚያግዘው ሰው የለም። ተስፋውን እንዳይጠይቅ ወንዙ ሞልቷል።

ቆመና አሰበ። ተስፋው ጾሙንና ጸሎቱን ይዞ እግዚአብሔር ቤት ተቀምጧል። ማሳውን ለማን አምኖ ነው የሄደው? ለጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ የአሥራ አንድ ሰው ውሃ መርቶ ለቅቆበታል። ነሐሴ አሥራ ስድስት ከሱባዔ ወጥቶ በርበሬው ደርቆ ሲያየው ምን ይለዋል? ምንም አይለውም። ላሚቱ የሞተች ጊዜም ምንም አላለውም። ገብረሰንበት የፈራው ያን ዝምታ ነው። የራስን መጉዳት ይቻላል፤ የሰውን መጉዳት ግን ከአባቱም አልተማረውም። የራሱን ሲያስብ ደግሞ ታች ያለችው ቃዳ የራሱ መሰለችው። መስጠቱን፣ የእሱ መሆኗ ማብቃቱን፣ ያን ጊዜ አላሰበውም።

ወደ ግድቡ ወጣና በዶማው መታው። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የመታው፤ የቀረውን ውሃው ራሱ አፈረሰው።

የተስፋው በርበሬ ላይ የተኛው ውሃ ወዲያው ጎደለ። ገብረሰንበት ዞር ብሎ ያን ብቻ ያይ ነበር። ከዚያ ከበስተኋላው ድምፁ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ሲወድቅ ያዳመጠው ድንጋይ፣ አሁን በአንድ ላይ ሲንከባለል ሰማው። የመጀመሪያው ክትር ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የተጋደመው አፈር ከነሣሩ እየተላጠ ወረደ።

ያምሮት ዱቄቷን በላስቲክ ሸፍና ስትመጣ አባቷን ከግድቡ ላይ፣ ዶማውን እንደያዘ አገኘችው። ወደ ታች አየች። ከዚያ ዶማውን አየች።

"አባዬ፣ ምን አደረጉ?"

"የተስፋው በርበሬ ሊጠፋ ሆነ። የሰው ነገር… የሰው ነገር ነው፣ ልጄ።"

"የኔስ?"

ገብረሰንበት ዓይኑን ወደ ተስፋው በርበሬ መለሰ።

"የኔን ነው እኮ የሰጡት" አለች። አልጮኸችም። "የርስዎ መሰለዎት?"

ሁለቱም እዚያው ዝናቡ ላይ ቆመው አዩት። ቦረቦሩ የያዘውን ውሃ ወንዙ ላይ ሲጥለው ወንዙ ወደ ዳር ዞረ። የቀርቀሃው ረድፍ ገና ሥር አልሰደደም ነበር፤ እንደቆመ፣ ሳይዘም፣ ከነመሬቱ ገባ። ቀጥሎ በርበሬው ሄደ። ከአራቱ ካስማ ሁለቱ ወዲያው ጠፉ፣ ሦስተኛው ጥቂት ቆየ። አራተኛው ያለበት መሬት ሲቀር እንዲያው አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ነበር፤ ማግሥቱን እሱም የለም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ተስፋው ተሻግሮ፣ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ፣ በቀጥታ ወደ ገብረሰንበት ደጅ መጣ። ፊቱ በጾም ገርጥቷል። በመንገዱ ላይ ሁሉንም አይቷል። ገብረሰንበት ተነሥቶ ቆመ፤ ያምሮት በሩ አጠገብ እህል ታበጥር ነበር።

"በርበሬህ ደኅና ነው" አለ ገብረሰንበት ቀድሞ። "አልተነካም። ውሃው ሲተርፍብህ ጊዜ እኔ…"

"አየሁት" አለ ተስፋው። ተቀመጥ ሳይባል መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ምነው ገብሬ? ምነው ወንድሜ? በርበሬ እኮ የዓመት ነው።"

"እንዳይነካ ብለኸኝ ነበር።"

"ሰው ፊት ሲሆን ይባላል እንጂ! እንዲያው ይለፍ ብዬ ዝም እንዳልል ያልሁት ነው። አንድ ዓመት በርበሬ ባልሸጥስ፣ ሽሮ እየበላሁ ብከርምስ? መሬት ግን ኸየት ይመጣል?" ቀና ብሎ ያምሮትን አያት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ምነው በርበሬው በሄደ። ይሂድ ባልሁህ ነበር።"

ያምሮት ማበጠሯን አቆመች። ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ገብረሰንበት ሊከተላት ተራምዶ ከደፉ ላይ ቆመ። ሰው ብዙ ነገር ሲያጣ ያዝናል፤ ሳያስፈልግ ማጣቱን ሲያውቅ ግን የሚያዝንበት ልብ እንኳ አይተርፈውም።  ተስፋው ጠላም ሳይቀምስ ሄደ።

ያምሮት የሄደችው ለመስከረም አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ንግሥቴ ዘመን መለወጫን እንኳ አብረን እንዋል ብላ ለመነቻት፤ አልሆነም። ቡሬ አንዲት ዘመዳቸው ከአንድ ምግብ ቤት ሥራ አግኝታላታለች፤ ዕቃ ማጠብ ነው። ገብረሰንበት ሣጥኗን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት።  ሚኒባሱ ሲመጣ ሣጥኑን ወደ ላይ አቀበለና ጉልበቷን እንደ መሳም ጎንበስ አለ። እሷ ደንግጣ ቀድማ ያዘችው።

"ተዉ አባዬ፣ ነውር ነው" አለች። ጉንጩን ሳመችውና ገባች።

ሚኒባሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆመ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረ። ከአስፋልቱ ጥቂት ራቅ እንዳለ ራስ የሚያህል ድንጋይ መንገዱ ላይ አየ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ትከሻው ላይ አደረገው። ቦረቦሩ አፋፍ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች አየ። ቦረቦሩ በዚያ ነሐሴ ብቻ ወደ ቤቱ በኩል ሃያ እርምጃ ቀርቦ ነበር፤ ከሥሩ የተከማቸ አንድም ድንጋይ አይታይም። ድንጋዩን ሳይወረውር አለፈ። ይዞት ቤቱ ድረስ ሄደና ደጃፉ ላይ፣ ከምሰሶው አጠገብ አስቀመጠው።

ንግሥቴ ከውስጥ ወጣች። ድንጋዩን አየች፣ ባሏን አየች።

"ይኸን ደግሞ ለምን እዚህ አመጣኸው?" አለችው።

"ቦረቦሩ እዚህ ሲደርስ ያስፈልገናል" አላት።